አለቃዬ ዜሮ ያደረገው መስመር

አለቃዬ «ችግር አለ» ሲባል ደም ስሩ ይገተር ነበር። ችግሩ የእሱ ይሁን የሰው፣ የመብራት ይሁን የማሽን፣ ግድ የለውም። ችግር የተናገረ ሰው ለእሱ ችግሩን የፈጠረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የተቀጠርኩት ኮምፒዩተር ላይ ችግር ፈልጌ እንድናገር ነው። ታዲያ እንዴት ተስማምተን እንሥራ? አልተስማማንም። ዛሬም ሲነሳብኝ ቆሽቴ ያርራል፤ ይህን ስጽፍ ለሰውዬው ታዝንለት ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይተወው።

ወርክሾፑ በመቀሌ ሰሜን በኩል ነበር፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከብየዳ ቤቶች መሐል። አለቃዬ ከመሐል አገር የመጣ ኢንጂነር ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ደንበኛ ፊት አፉ ማር ነው፤ ደንበኛው ከወጣ በኋላ እኛ ላይ ይመራል። እኔ መቀሌ የተወለድኩ የወሎ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ትግርኛ እየተናገርኩ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበትን የእንዳ ኢየሱስን ዳገት እየወጣሁ እየወረድኩ ኮምፒዩተር ተማርኩ። ሲቀጥረኝ «ዝም ብለሽ የምትሠሪ ትመስያለሽ» አለኝ። መልኬ አሳስቶታል።

የተጣላነው ገና ከጅምሩ ነው። ሊኑክስ የጫንበት አንድ ኮምፒዩተር ነበር። ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር፦ ከርነል የሚባለው የኮምፒዩተሩ ዋና አዛዥ ፕሮግራም ነው፤ ሞጁል ደግሞ ከርነሉ አንድን ዕቃ፣ ካርድ በሉት ፕሪንተር፣ እንዲያውቅ የሚጫንበት ቁራጭ ፕሮግራም ነው። የዚያን ቀን ሞጁሉን ስጭነው ከርነሉ አልቀበልም አለ፤ የተሠራው ለሌላ ከርነል ነው፣ አይገጥምም የሚል መልእክት አወጣ።

«በግድ ጫኚው» አለኝ አለቃዬ። በግድ መጫኛ ትእዛዝ አለ፣ እውነቱን ነው። በግድ ከተጫነ ግን አንድ ቀን ኮምፒዩተሩን ይዞት ይወድቃል አልኩት።

«እንግዲያው መልእክቱን ደብቂው። ደንበኛው ምን አገባው?»

ሞጁሉን ለትክክለኛው ከርነል እንደገና ሠርቼ ጫንኩት። ብዙም አልፈጀብኝ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ፣ ማኩረፉ ደግሞ ሥራዬን አላስተወኝም።

የድንጋዩ ሥራ የመጣው ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ድንጋይ ቆራጭ ድርጅት ያገለገለ ማሽን ገዝቶ ነበር፤ ሰው የሚያክል ዲስክ አለው፣ በውኃ እየቀዘቀዘ ድንጋዩን እንደ ዳቦ ይቆርጣል። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሣጥን በመብራት መዋዠቅ ተቃጠለና አለቃዬ «በኮምፒዩተር እንተካዋለን» ብሎ ተዋዋለ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሁለት የድሮ ካርዶች፣ የሚሰኩ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች፣ ገቡ። አንዱ ያዛል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው። ሌላው ይሰማል፤ ሠራተኞቹ ኢመርጀንሲ የሚሉት ቀዩ ቁልፍ ሲመታ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው እሱ ነው፣ ኮምፒዩተሩም ያኔ ሞተሩን ያቆማል። እኔ ቀዩ ቁልፍ በኮምፒዩተር ሳይዞር በቀጥታ የሞተሩን መብራት ይቁረጥ ብዬ ነበር። «ኮምፒዩተሩን ለጌጥ ነው እንዴ የምንሸጥላቸው?» ተባልኩ። እሺ፣ በኮምፒዩተር ይዙር። ከዞረ ግን እኔ የማውቀውን ያህል ጠንክሮ ይዙር ብዬ ሞጁሉን ራሴ ጻፍኩት።

ሞጁሉ ሲጫን መጀመሪያ የሚያደርገው የሚሰማውን ካርድ መፈለግ ነው። ካገኘው ለከርነሉ ዜሮ ብሎ ይመልሳል፤ ዜሮ ማለት ሁሉ ሰላም ነው። ካላገኘው ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመልሳል፣ ቁጥሩም ምክንያቱን ይናገራል። ዕቃው የለም ለማለት ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ ነው። ዕቃው አለ፣ ግን ሌላ ይዞታል ለማለት ሲቀነስ አሥራ ስድስት ነው። ከርነሉ ከዜሮ በታች መልስ ሲያገኝ ሞጁሉን ያባርረዋል፤ የእኔ ማስነሻ ፕሮግራምም ያን አይቶ ሞተሩን አያስነሳም፣ ስክሪኑ ላይ በቀይ «ካርዱ የለም» ብሎ ይቆማል። የሚሰማ የሌለው ማሽን አይነሳም፣ አለቀ።

ለምን እንዲህ እንደከረርኩ ልንገራችሁ። እነዚያ የድሮ ካርዶች ከቦታቸው ሲላቀቁ ኮምፒዩተሩ ከባዶው ቦታ የሚያነበው ሁሉ ቁጥር አንድ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሳይነካ ሲቀመጥም የሚነበበው ያው ቁጥር አንድ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከሌለ ኮምፒዩተሩ «ቁልፉን ማንም አልነካውም» ብሎ ያምናል፤ ሰው በቡጢ ቢደበድበውም ያምናል። ይህንን ቀድሞ የሚይዘው ያ ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ብቻ ነበር።

ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ኣያ እለው ነበር፣ በትግርኛ ታላቅ ወንድም ሲጠራ እንደሚባለው። እሱ ጓለይ ይለኛል፣ ልጄ እንደማለት። ቀኑን ሙሉ የድንጋዩ ዝቃጭ እጁን ስለሚለብሰው ሰላም ሲል እጁን አይሰጥም፤ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጥፍና የእጁን አንጓ ይዘረጋል። እኛም አንጓውን ይዘን ሰላም እንለዋለን። እጁ ጸድቶ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። በዚያ እጅ ነው ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመው፤ ሚስቱ ታማለች፣ ልጆቹ ገና ናቸው፣ ከእሱ በቀር የሚሠራ የላቸውም።

የእነ ኣያ አሠራር እንዲህ ነበር። ዲስኩ እየዞረ የድንጋዩ ፍርካሽ ዲስኩ የሚሄድበትን ቦይ ይዘጋዋል። ሁሌ ቢያቆሙት ሥራው አያልቅም። ስለዚህ አንዱ እጁን በጎን ሰዶ ፍርካሹን ይጠርጋል፣ ሌላው መዳፉን ቀዩ ቁልፍ ላይ አሳርፎ አይኑን ከጓደኛው እጅ ሳይነቅል ይቆማል። ጓንት አይለብሱም፣ ዲስኩ ይጎትተዋል ይላሉ። ይህ ክልክል ነው ብላቸው ኣያ ሳቀብኝና «እሱ አለ አይደል?» ብሎ ወደ ቀዩ ቁልፍ ጠቆመኝ። እጁን ያመነው በዚያ ቁልፍ ነው።

የርክክቡ ቀን የድርጅቱ ባለቤት እንግዶች ይዞ መጣ። ኮምፒዩተሩን አበራሁት። ስክሪኑ በቀይ «ካርዱ የለም» አለ። የኮምፒዩተሩ ሣጥን በፒካፕ ሲመጣ መንገዱ ካርዱን አላቆት ነው። ግማሽ ቀን ስጡኝ፣ መሰኪያውን ቀይሬ በብሎን ላጥብቀው አልኩ። አለቃዬ እንግዶቹን እያየ ፈገግ አለ፣ ወደ እኔ ሲዞር ግን ፊቱ ቅጭም አለ።

«ሂጂ ለእንግዶቹ ለስላሳ አምጪ» አለኝ።

ኮምፒዩተሩን የሠራሁት እኔ፣ ለስላሳ ተላኪዋም እኔ። አለቃ ሲልክ ይኬዳል፣ ሄድኩ። ስመለስ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኗል፤ «ዝግጁ» ይላል። ሣጥኑ ግን እንደተዘጋ ነው፣ ብሎኑ አልተነካም። ጠርሙሶቹን አስቀምጬ ቁልፍ ሰሌዳው ጋ ሄድኩና የጻፍኩትን ከፈትኩ። ካርዱ ከሌለ ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ መልስ የምትለዋ መስመር፣ ካርዱ ከሌለ ዜሮ መልስ ሆናለች። አንዲት መስመር ናት። ፈልጎ ያገኛት፣ ምን እንደምትሠራም የሚያውቃት ሰው ነው የቀየራት።

«ኢንጂነር፣ ምን አደረጉት?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አስተካከልኩት።»

«አላስተካከሉትም። ካርዱን አላገኘም፣ አገኘሁ በል ብለውታል። ቁልፉን ይሞክሩት።»

አለቃዬ ሳቀ። ዲስኩን አስነሳ፣ ሣጥኑን በመዳፉ ደለቀውና ለባለቤቱ «ይምቱት» አለው። ባለቤቱ ቀዩን ቁልፍ መታ፣ ዲስኩ ቆመ። ድለቃው ካርዱን ወደ ቦታው መልሶታል። ይህ የሆነው ሣጥኑ ስለተደለቀ ነው፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ተመልሶ ይላቀቃል፣ ያኔ ማንም አያውቅም ብዬ ለባለቤቱ አስረዳሁ። ባለቤቱ አለቃዬን አየው።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ፈሪ ናት እንጂ» አለ አለቃዬ። እንግዶቹ ሳቁ፣ ለስላሳው ተከፈተ፣ ፈረሙ።

ኣያን ከበሩ ውጭ ጠብቄ ነገርኩት። ካርዱ ሲጠፋ ማሽኑ ይናገር ነበር፣ አሁን አፉን ዘግተውታል፣ ቁልፉን አትመኑ፣ እጃችሁን አትስደዱ አልኩት። ሰምቶ ተቆጣኝ።

«ጓለይ፣ ጠዋት አትነሳም አልሽ። አሁን ተነሳች። ደግሞ አትመኗት ትያለሽ። ተበላሽታለች ዶ ወይስ አልተበላሸችም? አንዱን ንገሪኝ።»

«ተበላሽታለች፣ ኣያ። የለም የሚለውን አለ እንድትል አድርገዋታል።»

«እኔ ያየሁት ስትቆም ነው» አለና ሄደ። በእሱ አልፈርድም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው።

እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ለሌላ ሥራ ወደዚያ በተላክሁበት ቀን፣ ካርዱን ለማጥበቅ ጊዜው ባይበቃኝ፣ መስመሯን ወደ ነበረችበት መለስኳት። ማሽኑ ጥቂት ጊዜ ሠራ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት «ካርዱ የለም» ብሎ ቆመ። ካርዱ በርግጥም ተላቆ ነበር። እኔ እሰይ፣ ያዘው ስል ድርጅቱ ውስጥ ግን ጩኸት ሆነ። ባለቤቱ ደወለ፣ አለቃዬ በመኪናው በረረ። ሄዶ ያደረገውን መገመት አያቅታችሁም፤ ሣጥኑን ደለቀ፣ መስመሯን ዜሮ አደረገ፣ የምስጢር ቃሉን ቀየረ፣ ተመለሰ።

«አንቺ ልጅ ጠላቴ ነሽ?» አለኝ ወርክሾፑ መሐል ቆሞ። «ሰው ሥራ ሲያገኝ የምታስቆሚ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ሁለተኛ እግርሽ ድንጋይ ቤቱን እንዳይረግጥ።»

«ካርዱ ይጥበቅ፣ ሌላ ምንም አልልም።»

«ካርዱ ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ መስመሯን ለምን ፈሯት?»

በሩን ወርውሮ ወጣ። ለባለቤቱ ስልክ ደወልኩ፣ «ከኢንጂነሩ ጋር ተነጋገሪ» አለኝና ዘጋው። ለአባቴ ነገርኩት፣ «ካልተስማማሽ ልቀቂ» አለኝ። ድንጋይ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፣ ዘበኛው እጆቹን ዘርግቶ ከለከለኝ፤ ታዝዟል፣ ምን ያድርግ። በአጥሩ በኩል ዲስኩ ሲጮኽ ይሰማኛል። አሁንም ድረስ ድንጋይ ሲቆረጥ ስሰማ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ክረምቱ ሲወጣ ሆነ። በጠራራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደገና እንደተበራ። የሆነውን የነገረኝ የኣያ ባልደረባ ነው፣ ቁልፉ ላይ የቆመው። ኣያ ፍርካሹን ሊጠርግ እጁን ሰደደ፣ እጅጌው ተያዘ። ባልደረባው ወዲያው ቀዩን ቁልፍ መታ። ዲስኩ አልቆመም። ደግሞ መታው፣ በሁለት እጁ መታው፣ ቁልፉ እስኪሰበር መታው። ስክሪኑ «ዝግጁ» ይላል። ሌላ ሰው ሮጦ የግቢውን ዋና መብራት እስኪያጠፋው ድረስ ዲስኩ አልቆመም። ባልደረባው ይህን ሲነግረኝ መዳፉን እያሳየኝ ነበር፤ ከቁልፉ የተነሳ በልዟል። «መታሁት እኮ» ይለኛል ደጋግሞ፣ እኔ የማላምነው ይመስል።

ሐኪሞቹ ከኣያ ቀኝ እጅ ከአንጓው ወዲያ ያለውን ሊያተርፉት አልቻሉም።

ወርክሾፕ ሄድኩ። አለቃዬ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ሸሚዙ እንደተተኮሰ። ገና አፌን ሳልከፍት «እግዜር ያመጣው ነው» አለኝ። የወርክሾፑን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሱ አልሠራሁም።

ነገሩ ሽማግሌ ተቀመጠበት። የተቀመጥነው በድርጅቱ ባለቤት ሳሎን ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ቄስና አንድ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ ሐጂ ነበሩ። ኣያ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ቀኝ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ደብቆታል። እኔን የጠሩኝ ከአለቃዬ ጋር ተኳርፋለች፣ እሷም ትታረቅ ተብሎ ነው። የኣያን እጅና የእኔን ኩርፊያ በአንድ ቀን ሊጨርሱት ነበር።

አለቃዬ ተነስቶ ተናገረ። መናገር ያውቅበታል። «ማሽን ነው፣ ማሽን ይሳሳታል» አለ። «የማንም ጥፋት የለበትም። ሁላችንም ደንግጠናል። እኔ በበኩሌ ማንም ላይ ቂም የለኝም።»

ቂም የለኝም ይበል? እጁን ያጣው እሱ ነው እንዴ? አይኑን በጨው አጥቦ ነው የመጣው። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንቺስ?» አሉኝ።

ተነሳሁ። እስከዚያ ቀን አለቃዬን እርስዎ ነበር የምለው። «ማሽኑ አልተሳሳተም» አልኩ። «ማሽኑ ካርዱ የለም ብሎ ነበር። አንተ ነህ አለ ያስባልከው። አውቀህ ነው ያደረግኸው፣ መስመሯን አንብበህ ነው የቀየርካት። ካርዱ እንደሌለ አውቅ ነበር በልና እታረቅሃለሁ።»

አንተ ማለቴ ሽማግሌዎቹን ከክሱ በላይ አስደነገጣቸው። «ለሰላም ነው የተቀመጥነው» አሉ ቄሱ። አለቃዬ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ለእኔ እንደሚያዝን ሰው። ተቀመጪ ተባልኩ። እሷ ልጅ ናት፣ ትቆይ፣ ዋናው የተጎዳው ይቅር ይበል ብለው ወደ ኣያ ዞሩ።

ኣያ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። አለቃዬ ፈጥኖ ሄዶ ቀኝ እጁን ዘረጋለት፣ ዕርቅ በእጅ ነውና። ኣያ እንደ ልማዱ ከጋቢው ውስጥ አንጓውን አስቀድሞ ዘረጋለት። ድሮ የታጠፉ ጣቶች በነበሩበት ነጭ ፋሻ ብቻ ነበር። አለቃዬ የሚይዘው ጠፋው። እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አላለም።

«የለም» አለው ኣያ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። «እየው፣ የለም። አንድ ጊዜ የለም በል፣ እኔ ይቅር እልሃለሁ።»

ሁላችንም አለቃዬን አየነው። ሽማግሌዎቹም አዩት። እኔ እንኳን፣ ያን ያህል ጠልቼው፣ እንዲለው ጠበቅኩ። እሱ ፋሻውን አላየም። ከኣያ ራስ በላይ ግድግዳውን እያየ፣ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አይዞህ» አለ፣ «ሁሉም ደህና ይሆናል።»

ኣያ አንጓውን ወደ ጋቢው መለሰና ተቀመጠ።